ለሁለተኛው አምፖል ምን ተረፈለት?

በዚህ ወር ስለ ኮረንቲ አራት ደብዳቤ ደረሰኝ። አንዱ ከደብረ ሲና፣ ሁለቱ ከደብረ ብርሃን፣ አንዱ ከመንዝ ነው። የመጀመሪያውን አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ ባትሪ ድንጋይ ፍለጋ መሳቢያ መበርበር ጀመርኩ። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ፤ ሌሎቻችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦ «ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምጽፈው ከደብረ ሲና ነው። ከወንድሜ ጋር ተከራክረን መስማማት አቃተን። ሁለት ባትሪ ድንጋይና ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖል ወስደን በአንድ ሽቦ ተከታትለው እንዲገቡ አድርገን አገናኘናቸው። ወንድሜ ‘የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን ስለሚበላው ለሁለተኛው ትራፊ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ይፈዛል’ አለ። እውነትም አንደኛው ትንሽ ፈዘዝ ብሏል። መጽሐፉ ግን ኮረንቲው በሁለቱም እኩል ነው ይላል። መጽሐፉን ልመን ወይስ ዓይኔን?»

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም እመኚ። መጽሐፉም ልክ ነው፣ ዓይንሽም ልክ ነው። የሳተው ወንድምሽ ያየውን ነገር ያስረዳበት ምክንያት ነው።

የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ይቺን ሞክሪ። ሁለቱን አምፖሎች ቦታ አቀያይሪያቸው። የወንድምሽ ሐሳብ እውነት ከሆነ፣ አሁን ሁለተኛ ቦታ ላይ የተቀመጠው ደማቁ አምፖል መፍዘዝ አለበት። እኔ ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። እንዳላደናግራቸው ብዬ አንደኛውን በልጄ ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግኩበት። ባለ ነጥቡ ደመቅ ያለው ነበር። ቦታ ቀየርኩት፤ አሁንም እሱ ነው ደማቁ። ባትሪ ድንጋዮቹን አዙሬ ፊትና ኋላቸውን ገለበጥኩ። ያው ነው። ነገሩ የአምፖሉ የራሱ ጠባይ እንጂ የሰልፍ ነገር አይደለም። ፋብሪካ ሲሠራቸው የአንዷ ውስጧ ያለችው ሽቦ ከሌላዋ በፀጉር ታህል ትቀጥናለች ወይም ትረዝማለች። ዓይንሽ ያየው ይህንን ልዩነት ነው።

ቀጥዬ ቴስተር አወጣሁ። ከመጀመሪያው አምፖል በፊት ለካሁ፤ 0.21 አምፔር። በሁለቱ መካከል ለካሁ፤ 0.21። ከሁለተኛው በኋላ፣ ወደ ባትሪው ከመመለሱ በፊት ለካሁ፤ 0.21። ሦስቱም ቦታ አንድ ነው። አምፖሎቹ እየበሩ ነው፣ እጄን ስጠጋቸው ይሞቃሉ፣ ከኮረንቲው ግን ቅንጣት አልጎደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱ «ፎርሙላውን ያዝ፤ ፈተና ላይ የሚመጣው እሱ ነው» የሚል ነበር። ፎርሙላውን ያዝኩት፣ ፈተናውንም አለፍኩ። ግን ለዓመታት ውስጤ ያለው ሥዕል የወንድምሽ ሥዕል ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ 26 ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ዘልዬ ያለፍኩበት ክፍል የለም። ቁጥር በትክክል እያሰላ ሥዕሉ የተጣመመበት ተማሪ በጣም ብዙ ነው።

ከቋንቋችንም ይመጣል። «መብራት መጣ»፣ «መብራት ሄደ»፣ «ድንጋዩ አለቀ»፣ «ምጣድ ኮረንቲ ይበላል» እንላለን። ለኑሮ ይበቃል። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ኮረንቲ ማለታችን ነው። እንለያቸው።

አንደኛው ተጓዡ ነው። ቻርጅ ይባላል፤ አንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ሙል ይለዋል። በሽቦ ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ትንሽዬ ቻርጅ ይዘዋል። በጣም ትንሽ ስለሆነች በጅምላ ነው የምንቆጥራት። ጅምላው ኩሎምብ ይባላል። በአንድ ኩሎምብ ውስጥ 6,240,000,000,000,000,000 ገደማ ኤሌክትሮኖች አሉ።

ሁለተኛው የጉዞው መጠን ነው። ኮረንቲ ማለት በትክክል ይኸ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመሽ «በሰከንድ ስንት ኩሎምብ አለፈ?» ብትዪ መልሱ ኮረንቲ ነው። በሰከንድ አንድ ኩሎምብ ካለፈ አንድ አምፔር ነው። የእኔ ቴስተር 0.21 ሲለኝ «በዚህች ነጥብ ላይ በየሰከንዱ 0.21 ኩሎምብ ያልፋል» ማለቱ ነው። ኮረንቲ ዕቃ አይደለም፤ የማለፍ ፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ አይበላም።

ሦስተኛው ጉልበቱ ነው፤ ኢነርጂ የሚባለው። የሚወጣው፣ የሚያልቀው፣ ቆጣሪ የሚቆጥረው፣ ካርድ የምንሞላለት እሱ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮ ልውሰድሽ። እኔ የተወለድኩት ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ ባለ መንደር ነው። አያቴ የውሃ ወፍጮ ነበራቸው። ከላይ ከወንዙ ውሃው በቦይ ይጠለፋል፤ ቦዩ ዳገቱን ተጠግቶ በቀስታ ይመጣል፤ ከዚያ በተቦረቦረ ግንድ፣ በአሸንዳው፣ ቁልቁል ይወረወራል። ከሥር የተኛው መዘውር ላይ ሲያርፍ መዘውሩ ይዞራል፤ ከመዘውሩ ጋር የላይኛው ድንጋይ ይዞራል። ቤቱ በሙሉ ይርገበገባል፣ የገብስ ዱቄት ሽታ ያፍናል። ልጅ ሆኜ ከታች በኩል እወርድና ውሃው ከወፍጮው ሥር ሲወጣ አይ ነበር። የገባው ያህል ይወጣል። ወፍጮው አንድ ጣሳ ውሃ አልጠጣም። ስንት ቁና ገብስ ተፈጭቶ ውሃው ሙሉ ነው።

ታዲያ ወፍጮው ምን ወሰደ? ከፍታውን ነው የወሰደው። ውሃው ላይ ነበር፣ አሁን ታች ነው። የመውረዱ ጉልበት ድንጋዩን አዞረ። ታች የወጣውን ውሃ ቦይ ይዘሽ ወደዚያው ወደ ላይኛው ወፍጮ ልመልስህ ብትዪው አይሆንም፤ መጠኑ አለ፣ ከፍታው ግን የለም።

ባትሪ ድንጋይ ማለት ውሃውን መልሶ ወደ ላይ የሚያወጣ ነገር ነው። ቮልት የከፍታው ልክ ነው። አንድ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ሁለት ሲቀጣጠሉ 3 ቮልት። ድንጋዩ ቻርጅን አይፈጥርም። ከታች የመጣለትን ቻርጅ ተቀብሎ በውስጡ ባለው ኬሚካል ጉልበት ወደ ላይ ያነሳዋል። ኬሚካሉ ሲያልቅ «ድንጋዩ አለቀ» እንላለን። ያለቀው የማንሳት አቅሙ ነው።

ያንቺ ሁለት አምፖሎች በአንድ ውሃ ላይ ከላይና ከታች የተሠሩ ሁለት ወፍጮዎች ናቸው። በሁለቱም የሚያልፈው ውሃ ያው አንድ ነው። ከፍታውን ግን ተካፍለውታል። አምፖሎቹ እኩል ከሆኑ ለእያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት ይደርሳቸዋል። አንዱ ወፍጮ የላይኛው በመሆኑ ብቻ ብዙ ከፍታ አያገኝም፤ የሚያገኘው ለውሃው እንደሚከብድበት ነው። ያቺ ቀጠን ያለች የአምፖል ሽቦ ቻርጁን ይበልጥ ስለምትከለክል ከ3 ቮልቱ ሰፋ ያለውን ድርሻ ትወስዳለች። በአንድ መስመር ሲሆኑ ደመቅ የምትለው እሷ ናት።

አንድ ነገር ግን አስተውለሽ ይሆናል። አንድ አምፖል ብቻ ሲሆን በጣም ይደምቃል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ሁለቱም ይደበዝዛሉ። ለምን? ሁለተኛው መሰናክል ሲጨመር የመስመሩ ፍሰት በሙሉ ስለሚቀንስ ነው። እኔ በአንድ አምፖል ስለካ 0.30 አምፔር ነበር፤ በሁለት 0.21 ሆነ። ሁለተኛው አምፖል የመጀመሪያውንም እኩል አዳክሞታል። የወንድምሽ ሐሳብ ይህን ማስረዳት አይችልም። ኋላ ያለው እንዴት ብሎ ፊት ያለውን ያደክማል?

ጆርጅ ኦም የሚባል ጀርመናዊ መምህር በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ይህንን ነው የሚለው፤ ቮልቱን ለመሰናክሉ ስታካፍዪ ኮረንቲው ይወጣል። ጎበዝ ተማሪ ከሆንሽ «መሰናክሉ ሁለት እጥፍ ከሆነ ኮረንቲው ግማሽ፣ 0.15 መሆን አልነበረበትም ወይ?» ትዪኛለሽ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአምፖል ሽቦ ተንግስተን ነው፤ ሲግል ይበልጥ ይከለክላል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይለቃል። ሁለት ሲሆኑ ሁለቱም ቀዝቀዝ ስለሚሉ ከግማሽ በላይ ያሳልፋሉ። ይህንን ለመምህርሽ ንገሪው፤ ደስ ይለዋል።

«የመጀመሪያው» ስለሚለው ቃልም አንድ ልበል። ቻርጁ ከየት ወደ የት ነው የሚሄደው? መጽሐፍሽ ላይ ቀስቱ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ነው። ይህን ስም ያወጣው አሜሪካዊው ፍራንክሊን ነው፤ በ1740ዎቹ፣ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር ከመታወቁ በፊት። ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ሲታይ በሽቦ ውስጥ የሚጓዙት ኔጋቲቭ ናቸው፤ የሚሄዱትም በተቃራኒው፣ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ ወንድምሽ «የመጀመሪያው» ያለው አምፖል ለኤሌክትሮኖቹ ሁለተኛ ነው! ቀስቱን ማንም አልቀየረውም፤ ስሌቱ በሁለቱም ያው ስለሚወጣ።

የወፍጮው ምሳሌ የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል። ቦይ ቢቀደድ ውሃው ይፈሳል። ሽቦ ቢቆረጥ ግን ምንም አይፈስም፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ሌላው፣ ቦይ መጀመሪያ ባዶ ነው፤ ውሃው እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ። ሽቦ ግን ባዶ ሆኖ አያውቅም። መዳቡ ራሱ በኤሌክትሮን የተሞላ ነው። ማብሪያውን ስትጫኚ በመስመሩ ሙሉ ያሉት ሁሉ በአንድነት ይነቃነቃሉ። አምፖሉ ወዲያው የሚበራው ለዚህ ነው እንጂ ኤሌክትሮኖቹማ ቀርፋፋ ናቸው። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ሽቦ 1 አምፔር ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በሰከንድ የሚሄዱት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 26 ሳንቲ ሜትር። ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል።

የቤት መብራት ላይ ደግሞ ከዚህም ያስገርማል። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ባሉበት ይርገበገባሉ። ደብረ ሲና ቤታችሁ ውስጥ አምፖል የሚያበሩት ኤሌክትሮኖች ከግድብ ተነስተው የመጡ አይደሉም። እዚያው አምፖሉ ሽቦ ውስጥ የነበሩ ናቸው። በመንገድ ላይ ባሉት ትራንስፎርመሮች ውስጥ የገቢውና የወጪው ሽቦ አይገናኝም እንኳ። ከግድቡ የሚመጣው ጉልበቱ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

አደራ፣ ይህን ሁሉ ሙከራ በባትሪ ድንጋይ ብቻ አድርጊ። በግድግዳው ሶኬት እንዳትሞክሪ። ቴስተሩንም አምፔር ላይ አድርገሽ ድንጋዩ ሁለት ጫፍ ላይ በቀጥታ አትንኪ፤ ፊውዙን ታቃጥያለሽ። መስመሩን ቆርጠሽ በመሃል አስገቢው። ውጤቱን ለወንድምሽ አሳይተሽ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ይንጣጣል፤ በጨለማ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል። የበሩን እጀታ ስነካም ይነዝረኛል። እናቴ ደግ ነገር አይደለም ብላ ጠበል ትረጫለች። አደጋ አለው?»

መልስ፦ አደጋ የለውም፤ ለእናትሽም ይህንኑ በአክብሮት ንገሪልኝ። ጠበሉ ግን ብልጭታውን እንደሚያጠፋው አልጠራጠርም፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ።

ከላይ ለተማሪዋ የጻፍኩት ስለሚጓዝ ቻርጅ ነው። ያንቺ የቆመ ቻርጅ ነው። ብርድ ልብሱ ከአንሶላና ከሹራብ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አንዱ ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል። ሱፍም ሆነ የሰው ሠራሹ ጨርቅ መተላለፊያ ስላልሆኑ የተሻገረው መመለሻ ያጣል፤ ይከማቻል። ብርድ ልብሱን ስትገልጪ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ቮልቱ ይንራል፣ ከዚያ አየሩን ሰንጥቆ ይዘላል። ጧ የሚለው እሱ ነው።

የሚዘለውን ርቀት በዓይንሽ ገምቺው። 1 ሚሊ ሜትር አየር ለመዝለል እስከ 3,000 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። አትደንግጪ። ከፍታው ትልቅ ነው፣ ውሃው ግን ጠብታ ነው። የተከማቸው ቻርጅ ከአንድ ኩሎምብ ሚሊዮንኛ እጅ አይበልጥም፤ በቅጽበት ያልቃል። ቆንጠጥ ያደርግሻል፣ በቃ። የግድግዳው 220 ቮልት ከዚህ በቁጥር ያንሳል፤ ግን ከጀርባው የማያልቅ ፍሰት ስላለ ይገድላል። ቮልት ብቻውን አያስፈራ።

ለምን በበጋ ብቻ? ክረምት ላይ አየሩ ርጥብ ነው፤ የተከማቸው ቻርጅ ቀስ እያለ ይሸሻል። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጩ ሲመጣ አየራችን ይደርቃል፤ መሸሻ የለውም። ጠበሉ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ጨርቁን ያረጥበዋል። እርጥብ ፎጣ ክፍል ውስጥ መስቀልም ያው ነው። እጀታውን ከመንካትሽ በፊት በእጅሽ ቁልፍ ይዘሽ ጫፉን አስነኪው፤ ብልጭታው በቁልፉ ላይ ያልፍና አያምሽም።

ከተማችን ደብረ ብርሃን የተባለችው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ብርሃን ታይቶ ነው ይባላል። ብርድ ልብሴ በጨለማ ሲያበራ ሁልጊዜ እሱ ትዝ ይለኛል።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ። ምጣዱን ለብቻው ስሰካ ደህና ነው። ስቶቩን ጨምሬ በአንድ ዲቫይደር ስሰካ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ብሬከሩም ይወርዳል። ያሳየሁት ሰው ብሬከሩን በትልቅ ቀይሪው አለኝ። ልቀይረው?»

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም! ዛሬውኑ ዲቫይደሩን ከምጣዱ ንቀይ፤ ከዚያ የቀረውን አንብቢ።

ምጣድሽ 3,300 ዋት ነው እንበል። ዋቱ ለ220 ቮልት ሲካፈል 15 አምፔር ይወጣል። ስቶቩ 2,000 ዋት ከሆነ 9 አምፔር ነው። ዲቫይደር ላይ የሚሰኩ ነገሮች ጎን ለጎን ነው የሚገናኙት፤ እያንዳንዱ 220ውን ሙሉ ያገኛል፣ የየራሱን ኮረንቲ ይስባል። ሁለት ቦይ ከአንድ ዋና ቦይ ሲጠለፍ ዋናው የሁለቱን ድምር መሸከም አለበት። ስለዚህ በዲቫይደሩ ገመድ 24 አምፔር ያልፋል። ገመዱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፤ ብዙዎቹ 10 ይላሉ፣ ጥሩዎቹ 16።

ሙቀቱ ደግሞ ከኮረንቲው እኩል አይደለም የሚጨምረው። ኮረንቲው ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ገመዱና የላላው ሶኬት በድምሩ 0.2 ኦም (ኦም የመከልከል መለኪያ ነው) ብቻ ቢከለክሉ፣ ምጣዱ ብቻውን ሲሆን 45 ዋት ሙቀት ይወጣል። ስቶቩ ሲጨመር 115 ዋት። የድሮዎቹን ባለ 60 አምፖሎች ሁለት ያህል ገመዱና ሶኬቱ ውስጥ አበራሽ ማለት ነው። የሸተተሽ እሱ ነው።

ብሬከሩ የሚወርደው ቤቱን ሊያድን ነው። ሽቦውን ሳትቀይሪ ብሬከሩን ብታሳድጊ ዘበኛውን አሰናበትሽ ማለት ነው። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። የዛሬ 9 ዓመት እኔም ቤት አንድ ባለሙያ ነኝ ያለ ሰው ሳይነግረኝ ትልቅ ብሬከር አስገብቶ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ወጥተን ስንመለስ ሶኬቱ ግድግዳው ላይ እንደ ሻማ ቀልጦ ወርዷል። ከኋላው ያለው ሽቦ ልባሱ ከስሎ መዳቡ ተራቁቷል። መጋረጃው አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ነበር የተሰቀለው። ማታ ተኝተን ቢሆንስ እያልኩ ስንት ሌሊት ነቅቻለሁ።

ለምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ በቀጥታ የራሱን መስመር አዘርጊ፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የመሬት ሽቦ ያለው። ብር ያስወጣል፤ አውቃለሁ። እስከዚያው ምጣዱን የግድግዳ ሶኬት ላይ ለብቻው ሰክተሽ ጋግሪ፤ ስትጨርሺ ስቶቩን። የጋለው ሶኬት ግን ቢቀዘቅዝም አልዳነም። ውስጡ ያለው ብረት ስለላላ ነገም ይግላል፤ አስለውጪው።

ጥያቄ፦ «ለመጽሔቱ መምህር። ከመንዝ ነው የምጽፈው፤ ገበሬ ነኝ። ለቤቴ መብራትና ለቴሌቪዥን የመኪና ባትሪ አለኝ፤ 12 ቮልት፣ 50 የሚል ተጽፎበታል። ሲያልቅ በአህያ ጭኜ መሐል ሜዳ ቻርጅ አስደርጋለሁ። ሳወርደውም ሳስጭነውም እኔው ነኝ፤ ባዶ ሆኖም ሞልቶም ክብደቱ ያው ነው። ገንዘብ የምከፍለው ምን ስለሞሉልኝ ነው?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ጥያቄ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ስንት መሐንዲስ ሳያስበው የሚያልፈውን በትከሻዎ መዝነው ደረሱበት።

ክብደቱ አይጨምርም፤ ምክንያቱም በባትሪው ውስጥ የሚጠራቀም ቻርጅ የለም። ቻርጅ ሲደረግ በአንደኛው ቀንድ የገባው ያህል በሌላኛው ይወጣል፤ እኩል በእኩል። ያንን 50 የሚለውን ልተርጉምልዎ። 50 አምፔር-ሰዓት ነው፤ በኩሎምብ 180,000። ባትሪው ከሙሉ እስከ ባዶ ሲሠራ ይህን ያህል ቻርጅ በውስጡ ያልፋል፤ ያልፋል እንጂ አይቀርም።

የሚለወጠው ውስጡ ያለው እርሳስና አሲድ ነው። ባትሪው ሲሠራ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ይጣበቃል፣ ውሃው እየቀጠነ ይሄዳል። ቻርጅ ሲደረግ ከእርሳሱ ይላቀቅና ወደ ውሃው ይመለሳል። ዕቃው ሁሉ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ አቀማመጡ ነው የተለወጠው። ተዳፋት ላይ ያለ ድንጋይ ወደ አናቱ ገፍተው ቢመልሱት አይከብድም አይደል? ለመውረድ ግን ተዘጋጅቷል። የሚከፍሉት ለዚያ ግፊያ ነው።

ልምዱ እንዲጠቅምዎ አንድ ስሌት ልጨምር። ቴሌቪዥንዎ 24 ዋት ከሆነ 24ን ለ12 ያካፍሉ፤ 2 አምፔር ይስባል። 50ን ለ2 ሲያካፍሉ 25 ሰዓት ይሆናል። ይህን ሁሉ ግን አይጠቀሙበት። የመኪና ባትሪ እስከ ታች እየተሟጠጠ ከሠራ ቶሎ ይሞታል። በግማሹ፣ 12 ሰዓት ያህል እንዳዩ ወደ መሐል ሜዳ ይውሰዱት።

መሙላቱንም በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ባትሪዎ ክዳኑ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ፣ ቻርጅ የሚያደርጉልዎ ሰዎች ዘንድ እንደ መርፌ ብልቃጥ ያለች፣ ውስጧ ተንሳፋፊ ያላት የመስታወት መለኪያ አትጠፋም። አሲዱን እነሱ ይቅዱ፤ እርስዎ ዓይንዎንና ልብስዎን ከአሲዱ ያርቁ። ሲያስረክቡ አንድ ጊዜ፣ ሲረከቡ አንድ ጊዜ እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ቁጥሩ አሲዱ ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይናገራል፤ ባዶ ሲሆን ተንሳፋፊዋ ሰጠም ብላ 1.15 አካባቢ ትቆማለች፤ በደንብ ከሞላ ከፍ ብላ 1.27 አካባቢ ትደርሳለች። 1.20 ላይ ቆማ «ሞልቷል» ካሉዎት አህያዋን አይጫኑ፤ ትንሽ ይቆይልኝ ይበሏቸው።